አንባቢም የልማት ተነሺ ነው



በከተማችን መንገድ ሲሰፋ ወይም ሰፈር ሲፈርስ ስለ ቤቱ፣ ስለ ሱቁና ስለ ካሳው ብዙ ይባላል። ሊባልም ይገባል። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ፒያሳ ስትፈርስ ያየ ሁሉ የነገሩን ክብደት ያውቀዋል። ይሁን እንጂ ከቤቱና ከሱቁ ጎን ስሙ እምብዛም የማይነሣ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የሰፈር ቤተ መጻሕፍት ነው። በወረዳ ግቢ ወይም በወጣት ማዕከል ውስጥ ያለችው፣ ጥቂት መደርደሪያና አግዳሚ ወንበር ያላት ያች ክፍል “ወደ ሌላ ቦታ ትዛወራለች” ሲባል ነዋሪው ምን መብት አለው? ጥያቄው ለምርጫ ሰነድ ትንሽ ነው የሚሉ ይኖራሉ። እኛ ግን ትንሽ ነው ብለን አናምንም።

እንደሚታወቀው በርካታ ቤተሰቦች የሚኖሩት በአንድ ክፍል ነው። በዚያች ክፍል ይበሰላል፣ ይተኛል፣ ቴሌቪዥን ይታያል። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ጸጥ ያለ ወንበርና መብራት የሚያገኘው ከቤት ወጥቶ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። የዚህ ውድቀት መንስኤ ብዙ ነው፤ ሁሉንም በቤተ መጻሕፍት እጦት አናሳብብም። ነገር ግን ይህን ውጤት ያየ አስተዳደር ከተማሪው ደጃፍ የንባብ ወንበር የሚያነሣ ከሆነ ሁለት ጊዜ ማሰብ ይገባዋል።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። የመሬት ይዞታ ለሕዝብ ጥቅም የሚለቀቅበትንና ካሳ የሚከፈልበትን ሁኔታ የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 የሚጠብቀው ይዞታ ያለውን ሰው ነው። ለባለይዞታው ማስታወቂያ ይሰጠዋል፣ ካሳ ይተመንለታል፣ ቅር ካለው አቤት የሚልበት ቦታ ተመልክቶለታል። የሰፈር ቤተ መጻሕፍት ግን የሚገኘው በመንግሥት ይዞታ ላይ ነው። መንግሥት የራሱን ክፍል ሲያነሣ ተነሺ ተብሎ የሚመዘገብ ሰው የለም። በየቀኑ እዚያ የሚቀመጠው ተማሪ፣ ጋዜጣ የሚያነቡት ጡረተኛ፣ ለሥራ ውድድር የሚዘጋጀው ወጣት በየትኛውም ቅጽ ላይ አይሰፍሩም። የሰፈሩ ሰው ያጣው ነገር እያለ በወረቀት ላይ ግን ማንም ምንም አላጣም።

ሕገ መንግሥቱ ግን በዚህ አይስማማም። አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 3 ዜጎች በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀም መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ደግሞ ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን የመጠየቅ መብት ይሰጣቸዋል። ሐሳብ የሚጠየቀው ውሳኔ ከመሰጠቱ በፊት ነው። የሚዛወርበት ቀን ተቆርጦ፣ መጽሐፉ በካርቶን ታሽጎ ነዋሪውን አዳራሽ መሰብሰብ ገለጻ እንጂ ውይይት አይደለም።

“ክፍሉ አርጅቷል፣ ጠቧል፤ አዲሱ የተሻለ ነው” የሚል መከራከሪያ ይቀርባል። አንዳንድ ጊዜም እውነት ነው። ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. በአራት ኪሎ የተመረቀው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለከተማችን ትልቅ ሀብት ነው፤ መልካሙን መልካም ማለት አያሳፍረንም። ሆኖም ከአቃቂ ወይም ከአያት ተነሥታ አራት ኪሎ የምትመጣ ተማሪ የታክሲ ሒሳብ ያስፈልጋታል፤ ሲመሽም በሰላም የምትመለስበት መንገድ ያስፈልጋታል። ትልቁ ቤተ መጻሕፍት የትንሹ አጋዥ እንጂ ምትክ ሊሆን አይችልም። ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍታችን ወመዘክር ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ እርሱ መኖሩ ግን በየሰፈሩ የንባብ ክፍል እንዳያስፈልግ አላደረገም። የደርግን ሥርዓት በብዙ ነገር ብንነቅፍም፣ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደልን ሰው ወዳለበት መውሰድ እንደሚገባ አሳይቶናል።

ስለሆነም ፓርቲያችን የከተማውን ምክር ቤት አብላጫ መቀመጫ ቢያገኝ የሚከተሉትን በአዋጅ ለመደንገግ ቃል ይገባል፦

1. የሰፈር ቤተ መጻሕፍት ከመዛወሩ ቢያንስ 60 ቀን በፊት ምክንያቱ፣ አዲሱ ቦታና ወጪው በጽሑፍ ለነዋሪው ይገለጻል።

2. ውይይቱ ተማሪና ሠራተኛ መገኘት በሚችሉበት ሰዓት ይካሄዳል፤ ቃለ ጉባኤው በይፋ ይለጠፋል፤ ተቀባይነት ላጣ ሐሳብ ምክንያቱ ይሰጣል።

3. አዲሱ ሥራ ሳይጀምር ነባሩ አይዘጋም፤ መጻሕፍቱም በቆጠራ ይረከባሉ።

4. አዲሱ ቦታ ለነባሮቹ አንባቢዎች በእግር የሚያስኬድ ካልሆነ በሰፈሩ የንባብ ክፍል ይቀራል።

5. በውሳኔው ቅር የተሰኘ ማንኛውም የሰፈሩ ነዋሪ፣ ይዞታ ባይኖረውም፣ አቤቱታ የማቅረብ መብት ይኖረዋል።

ሦስተኛውና አራተኛው ገንዘብ እንደሚያስወጡ እናውቃለን። ለተወሰኑ ወራት ሁለት ክፍል መያዝ፣ ተጨማሪ ሠራተኛ መመደብ ያስፈልጋል። ይህን ወጪ ከበጀት መሸፈን ተገቢ ነው እንላለን፤ ካልሆነ ወጪውን የሚከፍሉት ልጆቻችን በትምህርታቸው ነውና።

እኛ ልማትን አንቃወምም። ቤተ መጻሕፍት ለዘላለም ከቦታው አይነቃነቅ የሚል አቋምም የለንም። የምንለው አንድ ነገር ነው፤ የሚነሣው ክፍሉ ብቻ ሳይሆን አንባቢውም ስለሆነ አስቀድሞ ይጠየቅ። የወረዳችሁ ካድሬ ወይም የእኛው እጩ ድምፃችሁን ሊጠይቅ ሲመጣ እናንተም ጠይቁት፦ “የሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ሊዛወር ቢታሰብ መቼ ትነግሩናላችሁ?” በሉት። መልሱን ሰምታችሁ ድምፃችሁን ስጡ።