የአደባባይ ሰሌዳና የእጅ ስልክ

በከተማ አደባባይ የሚቆም የምስል ሰሌዳ ተናጋሪ እንጂ ሰሚ አልነበረም። እርሱ ያሳያል፤ መንገደኛው አይቶ ያልፋል። የእጅ ስልክ በየሰዉ ኪስ ከገባ ወዲህ ግን ሰሌዳውም መልስ መቀበል ጀምሯል። ይህ ጉዳይ በየመሥሪያ ቤቱ ሕዝብን ለሚያገለግለው ወጣት ሁሉ የሚያሳስብ ስለ ሆነ፣ ጥቂት ልንመረምረው ወደድን።

በመጀመሪያ በርሊንን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2001 ካኦስ ኮምፒውተር ክለብ የተባለው ማኅበር 20ኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ በአሌክሳንደር አደባባይ በሚገኘው «የመምህራን ቤት» በተባለው ሕንፃ፣ በ8 ፎቆች ካሉት 144 መስኮቶች በስተኋላ መብራት አኖረ። መብራቶቹ በኮምፒውተር እየታዘዙ ሲበሩና ሲጠፉ ሕንፃው አንድ ታላቅ ሰሌዳ ሆነ። ከታች የቆመ መንገደኛ ደውሎ የስልኩን ቁልፎች በመጫን፣ የጠረጴዛ ቴኒስ የሚመስለውን የፖንግ ጨዋታ በሕንፃው ላይ ይጫወት ነበር። ለዚህም የሚያስፈልገው ተራ ስልክ ብቻ ነበር።

ዛሬ መንገዱ ተለውጧል። በሰሌዳው ላይ ኪውአር ኮድ የሚባለው ባለ አራት ማዕዘን ምልክት ይታያል፤ በስልክ ካሜራ ሲያነሡት ስልኩን ወደ አንድ የኢንተርኔት አድራሻ ይመራዋል። ሥራው ፈጣን ነው፤ ዳሩ ግን ምልክቱን የሰው ዓይን ሊያነበው አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ በአሜሪካ በኦስቲን ከተማ፣ አጭበርባሪዎች በመኪና ማቆሚያ መክፈያ ሣጥኖች ላይ የራሳቸውን ምልክት ለጥፈው ተገኝተዋል። በሕዝብ ንብረት ላይ የተለጠፈውን ሁሉ ሰው የባለቤቱ አድርጎ ያምናልና።

በአገራችንም ከተሞች ታላላቅ ስክሪኖች ቆመዋል፤ በኪውአር ኮድ መክፈልም ተለምዷል። እንግዲህ አንድ መሥሪያ ቤት የወረፋ ቁጥር የሚሰጠው በስክሪኑ ላይ ያለውን ምልክት በስልክ ላነሣ ብቻ ቢሆን፣ ተራ ስልክ ይዘው ከገጠር የመጡት እናት ተራቸውን ከማን ይጠይቃሉ? ማልደው ደርሰው ከሁሉ ኋላ ሊቀሩ ነው። ከዚህም ሌላ፣ ስልኩን ያቀረበው ሰው ስሙንና ቁጥሩን ሲሞላ መዝገቡ በማን እጅ እንደሚቀር ማወቅ ይገባዋል።

ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሰሌዳ ለማቆም ውል የሚፈርም ወጣት ሹም፣ የባለቤቱንና የአድራሻውን ስም በሚነበብ ፊደል ከምልክቱ አጠገብ ያስጽፍ፤ ከስልኩ የሚወሰደውን ያስታውቅ፤ ቁጥር በእጅ የሚሰጥ ጸሐፊም አያጉድል። ሰሌዳን የሕዝብ የሚያሰኘው በአደባባይ መቆሙ ሳይሆን ሁሉም ሊገለገልበት መቻሉ ነው።