ስልጠናው ለስቶር ኪፐሩም ይድረሰው
አንድ የድሮ ተማሪዬ ዩኒቨርሲቲ ላብ ተቀጥሮ የጨረር ደህንነት ስልጠና መውሰዱን ነገረኝ። ደስ አለኝ። "ጽዳቶቹና ንብረት ክፍሎቹስ?" ስለው "ቲቸር፣ እነሱን አይመለከትም እኮ" አለኝ። እዚህ ላይ አልስማማም!

የዴልሂ ዩኒቨርሲቲን ጉድ ልንገራችሁ። ኮባልት-60 ያለበት የላብ መሣሪያ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ሳይሠራበት ተቀምጦ፣ በ2010 እንደ ማንኛውም አሮጌ ዕቃ በጨረታ ተሸጠ። የብረት ነጋዴዎች (የኛ ቁራሌው በሉት) ፈታተው ቆራረጡት። አንድ ሰው ሞተ፣ ሌሎችም ተጎዱ። ኮባልት-60 በየአምስት ዓመቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ ከ25 ዓመት በኋላ የቀረው ግን ሰው ለመግደል በቃ።

ላብ የምትሠሩ ተማሪዎቼ፣ ያን ባለ ሦስት ክንፍ ምልክት ነገ ጠዋት ለስቶር ኪፐሩ አሳዩት። ለጽዳቷም።