ክረምት ያየው ቤት
ደላላው «አዲስ ነው፣ ገና ቀለሙ አልደረቀም» ባለኝ ቁጥር ልቤ ወደ አሮጌው ያደላል። አሮጌ ቤት ጉዱን አይደብቅም፤ ኮርኒሱ ላይ የከረመው ቡናማ የውሃ ምልክት ጣሪያው የት እንደሚያፈስ፣ መቃኑ ሥር የተከመረው ደቃቅ አፈር ምስጥ የት እንደገባ ይናገራል። የአዲሱ አፓርታማ ውሃ ዘጠነኛ ፎቅ መድረሱን፣ ሊፍቱ መብራት ሲጠፋ መሥራቱን ግን የምታውቁት ከፍላችሁ ከገባችሁ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ ቤት ለሚገዛ ሰው እኔን የሚያሰጋኝ ከግድግዳው ይልቅ ካርታው ነው። የ2004 ዓ.ም. የሊዝ አዋጅ፣ ቁጥር 721፣ በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ ውጭ ሲተላለፍ መሬቱ ወደ ሊዝ እንዲገባ ደንግጓል። ሻጩ «ነባር ነው፣ የመሬቱ ግብር ኢምንት ነው» ሲል ስለ ራሱ እንጂ ስለ እናንተ አያወራም። እንግዲህ አናጺ ይዛችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ክፍለ ከተማ ጎራ በሉ፤ ሰፈሩ በመልሶ ማልማት ፕላን ውስጥ መግባት አለመግባቱንም እዚያው ጠይቁ።