ለዘር አጣሪዎች

የዕድራችን ሽማግሎች ሆይ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ወዴት እንደምትሄዱ ሰምቻለሁ። የሙሽራዪቱን ዘር ልታጣሩ ነው፤ አያቷ የዘነበወርቅ የሥጋ ደዌ ሐኪም ቤት ታካሚ ነበሩ ተብሎ። ሦስተኛው ሰው እንድሆንም ተልኮብኛል። አልሄድም። እናንተም ከመነሣታችሁ በፊት ስሙኝ።

እኛ የቆሼ፣ የቆሻሻ መጣያው ሰፈር፣ ልጆች አይደለንም እንዴ? የጠጣንበት ብርጭቆ ለብቻው ተነጥሎ በፈላ ውኃ ሲለቀለቅ አላየንም? ሥራ ስንለምን ሰፈራችንን ደብቀን «ጦር ኃይሎች» አላልንም? መጋቢት 2 ቀን 2009 የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ነፍስ ሲበላ፣ ከአፈሩ ስር ያወጣናቸውን «ቆሻሻ ላይ ምን አስቀመጣቸው» ብሎ ያማቸው ሰው ነበር። እናንተው ናችሁ ያን ቀን የተቆጣችሁት።

ዘር ማጣራት ወዴት እንደሚያደርስ እንድታዩ የጀርመንን ነገር ላንሣ። ሂትለር ሥልጣን በያዘ ስድስት ወር ሳይሞላው፣ በፈረንጆቹ ሐምሌ 1933፣ በዘር የሚተላለፍ ሕመም አለበት የተባለ ሁሉ እንዳይወልድ ይምከን የሚል ሕግ ወጣ። ዓይነ ስውሩ፣ መስማት የተሳነው፣ የሚጥል በሽታ ያለበት። ፈራጆቹ ሦስት ነበሩ፤ አንድ ዳኛና ሁለት ሐኪሞች። እንደ እናንተው ሦስት! ወደ 400,000 ሰው አመከኑ። በ1935 ደግሞ አይሁዳዊው ማን እንደሆነ ሲለዩ የቆጠሩት አያት ነው፤ ሦስት አይሁድ አያት ያለው ዜግነቱን ተነጠቀ። ከ1939 በኋላ ሕሙማኑን በጋዝ ፈጁ፤ ከገዳዮቹም ብዙዎቹ አይሁድ ወደሚጨረሱባቸው ካምፖች ተዛወሩ።

«እኛ ማንን ገደልን» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ማንንም። ግን ልጅቷ ካልተዳረች እንደ ቆመች ታረጃለች፤ ታናናሾቿም በእሷ ስም ይቀራሉ።

ሥጋ ደዌ ደግሞ ዘር አይደለም። ተሕዋሲ ነው፤ ሐንሰን የሚባል ኖርዌጂያዊ ሐኪም በፈረንጆቹ 1873 አግኝቶታል። በስድስት ወር፣ ቢበዛ በዓመት መድኃኒት ይድናል።

አያትዬዋን አውቃቸዋለሁ። በቀሩላቸው ሁለት ጣቶች እንዝርት ያሾሩ ነበር፤ ይህ የለበስኩት ጋቢ የእሳቸው ፈትል ነው። ማጣራታችሁ የግድ ከሆነ ከእኔ ቤት ጀምሩ። እናቴም ዘነበወርቅ ነው የታከመችው፤ የዕድሩ ዳኛ አድርጋችሁ ስትመርጡኝ አልጠየቃችሁኝም።