በሩ አንድ ይሁን፤ ቁልፉ ግን በአንድ እጅ አይሁን

በዚህ ሴሚስተር የምዝገባ ሳምንት በዋናው ግቢ ያለነው ተማሪዎች በተቀመጥንበት በጥቂት ደቂቃ ስንመዘገብ፣ በሌላ ከተማ ባለው ቅርንጫፍ ግቢ የሚማሩት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሁለት ቀን ሙሉ ከሬጅስትራር ደጃፍ ተሰልፈው ዋሉ። ሁሉም «መስመሩ ደካማ ነው» አለ፤ እኛም አብረን ይህንኑ አልን። ኋላ ጠይቀን እንደ ተረዳነው ግን መስመሩ ደኅና ነበር፤ የተበላሸው አቅጣጫው ነው። የውጤት መዝገባችን ለጥንቃቄ ሲባል ከሕዝብ ኢንተርኔት ተነሥቶ በግል አድራሻ እንዲቀመጥ ተደርጓል፤ ይህም የሚመሰገን ሥራ ነው። ነገር ግን አዲሱን አድራሻ ለቅርንጫፉ የነገረው ስላልነበረ፣ የዚያ ግቢ ኮምፒዩተሮች የተዘጋውን አሮጌ በር ሲያንኳኩ ሰነበቱ። ከሁሉ የሚያሳዝነው መፍትሔው ነው፤ ጩኸቱ ሲበዛ አሮጌው በር ለዓለም ሁሉ ተመልሶ ተከፈተ።

ይህን ስንጽፍ ማንንም ለመክሰስ አስበን አይደለም። «ይህ የባለሙያ ጉዳይ ነው፤ ተማሪ ምን አገባው?» የሚል እንደሚኖርም እናውቃለን። እኛ ግን እንጠይቃለን፤ በዚያ መዝገብ ውስጥ ያለው የማን ነው? ውጤታችን፣ የክሊኒክ ካርዳችን፣ የወላጆቻችን ስልክና አድራሻ አይደለምን? የራሱ ዕቃ የተቀመጠበትን ቤት በር ማየት የማንም ባለቤት መብት ነው።

የአገራችንን መንገዶች ያየ ሰው ነገሩን ለመረዳት አይቸግረውም። ከጅማ ተነሥቶ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ አዲስ አበባ ገብቶ ይወጣል። የግቢዎቻችን መረብም እንዲሁ ነው፤ ዋናው ግቢ ማዕከል ሆኖ ቅርንጫፎቹ እያንዳንዳቸው በአንድ መስመር ከርሱ ጋር ይገናኛሉ። 8 ቅርንጫፍ ቢኖር 8 መስመር ይበቃል፤ ማዕከሉን ጨምሮ 9ኙም እርስ በርስ በቀጥታ ይያያዙ ቢባል ግን 36 መስመር ያስፈልጋል። ከዚህም በላይ ጥበቃው በአንድ ቦታ ስለሚሆን አንድ ጥሩ ዘበኛ ለሁሉ ይበቃል። ጉዳቱም የታወቀ ነው፤ ፖል ባራን የተባለው መሐንዲስ በ1964 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት እንዳሳየው፣ ሁሉ በአንድ ማዕከል በኩል የሚገናኝበት መረብ ማዕከሉ ሲመታ እንዳለ ይቆረጣል።

እንግዲህ መዝገቡን በግል አድራሻ ማስቀመጥ ብቻውን ለምን አልበቃም? በ1996 እ.ኤ.አ. በወጣው የኢንተርኔት ደንብ መሠረት ለግል መረቦች ሦስት የአድራሻ ክልሎች ተለይተዋል፤ እነርሱም በ10 የሚጀምሩት፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ያሉትና በ192.168 የሚጀምሩት ናቸው። እነዚህ በሕዝብ ኢንተርኔት ላይ መንገድ የላቸውም። ነገር ግን ማንም መረብ ሊጠቀምባቸው ስለሚችል፣ ሁለት ቅርንጫፎች አንዱን ክልል ቢይዙ ማዕከሉ ለማን እንደሚያደርስ ይጠፋዋል፤ ሁለት አበበ ባለበት ክፍል መምህሩ «አበበ!» ብሎ እንደሚጣራው ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ለየቅርንጫፉ የማይደራረብ ክልል መመደብ ነው።

ሁለተኛው የስም ጉዳይ ነው። እኛ የምንጽፈው ስም ነው፤ ስሙን ወደ ቁጥር የሚለውጠው ዲ.ኤን.ኤስ. የሚባለው አገልግሎት ነው። አንዱ ስም ከውጭ ሲጠየቅ አንድ መልስ፣ ከውስጥ ሲጠየቅ ሌላ መልስ ሊኖረው ይችላል። ቅርንጫፎቹ ሁሉ የማዕከሉን ስም መላሽ እንዲጠይቁ ካልተደረገ፣ የግሉ አድራሻ እያለ የውጭው ይነገራቸዋል። በምዝገባው ሳምንት የሆነው ይኸው ነው።

ሦስተኛው መንገዱ ነው። ሁለት ቅርንጫፎች ሁለቱም ከማዕከሉ ጋር ስለ ተገናኙ ብቻ እርስ በርሳቸው ይገናኛሉ ማለት አይደለም። በአማዞንም ሆነ በማይክሮሶፍት ክላውድ የመረቦች ጉርብትና ከጎረቤት ወደ ጎረቤት አይተላለፍም። በየቅርንጫፉ «ወደዚያኛው ስትሄድ በማዕከሉ ፋየርዎል በኩል እለፍ» የሚል መንገድ መጻፍ አለበት፤ መልሱም በዚያው በር እንዲመለስ በወዲያኛው በኩል እንዲሁ ይጻፋል። ለምን ቢባል ፋየርዎሉ የጭውውቱን መጀመሪያ የሚያስታውስ ዘበኛ ነው፤ ጥያቄው በርሱ በኩል አልፎ መልሱ በጓሮ ቢዞር፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይጥለዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ራውተር ሁለት መንገድ ሲያገኝ የሚመርጠው ይበልጥ ዝርዝር የሆነውን ነው፤ ቀበሌውን ብቻ ከሚጠቅሰው ይልቅ የቤት ቁጥሩን የሚጠቅሰውን ያምናል። በማይክሮሶፍት አዙር ለአንድ አገልግሎት የግል መግቢያ ሲከፈት፣ በዚያ መረብና በቀጥታ በሚጎራበቱት መረቦች ውስጥ ለዚያች አንዲት አድራሻ ብቻ የሆነ የ/32 መንገድ በራሱ ይተከላል። ባለሙያው «ሁሉ በፋየርዎል ይለፍ» ብሎ ሰፊ መንገድ ቢጽፍም ጠባቡ ያሸንፈዋል፤ ዘበኛው በሩ ላይ ቆሞ ሳለ እንግዳው በጓሮ ይገባል። የሚከፋው ሁሉ ነገር የሚሠራ መስሎ መታየቱ ነው። ስለዚህ «ገጹ ተከፍቷል» ማለት ብቻ አይበቃም፤ በየት በኩል አልፎ ተከፈተ ተብሎ ከየቅርንጫፉ መፈተን አለበት።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ይህ ሁሉ ድካም ለምን? የይለፍ ቃል እስካለ ድረስ መዝገቡ በሕዝብ ኢንተርኔት ላይ ቢሆን ምን ይጎዳል?» ይሉናል። በበኩላችን የምንመልሰው ይህ ነው፤ ለዓለም የተከፈተን በር ቀንና ሌሊት የሚያንኳኳው የዓለም ሌባ ሁሉ ነው። የይለፍ ቃላችንንም ለጓደኛ የምናውስ፣ በደብተር ጀርባ የምንጽፍ እኛው ራሳችን መሆናችንን አንካድ።

ሌሎች ደግሞ የከበደ ጥያቄ ያነሣሉ። «ሁሉ በማዕከሉ ካለፈ፣ ማዕከሉን የያዘው ሰው ማን ምን እንዳነበበ ሁሉ አያይምን?» ይላሉ። ይህን ሥጋት እኛም እንጋራለን። ዘበኛ ማን እንደገባ ይመዘግባል፤ ደብዳቤ ግን አይከፍትም። የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ጉዳዩ የበጎ ፈቃድ ብቻ አይደለም፤ የሰውን መረጃ የሚይዝ ሁሉ በሕግ ይጠየቅበታል። ማዕከሉ ኀይሉን እንዳያበዛ ብለን በሩን ማፍረስ ግን፣ ዘበኛው ሰካራም ነው ብሎ አጥር እንደ መንቀል ነው።

ስለዚህ የኮምፒዩተር ክፍሉን ኀላፊዎች በአክብሮት የምንጠይቀው አራት ነገር ነው። አንደኛ፣ የስሙና የመንገዱ ሥራ በሁሉም ቅርንጫፎች ተፈትኖ እንዳለቀ ለሕዝብ የተከፈተው በር ይዘጋ፤ ቀኑም አስቀድሞ ይነገረን። ሁለተኛ፣ ማዕከሉ በአንድ መሣሪያና በአንድ መስመር ላይ ብቻ አይንጠልጠል፤ ተጠባባቂ ይኑረው። ሦስተኛ፣ የበሩን ደንብ የሚለውጠው አንድ ሰው ብቻ አይሁን፤ አንዱ ሲጽፍ ሌላው አይቶ ይፈርም። አራተኛ፣ በበሩ የሚያዘው መዝገብ ለስንት ጊዜ እንደሚቆይና ማን እንደሚያየው ተጽፎ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ። የመረብን ትምህርት የሚያስተምሩን መምህራኖቻችንም ይህን ሥራ ለተማሪዎቻቸው የመመረቂያ ጥናት አድርገው ቢሰጡ፣ ትምህርቱም ሥራውም አንድ ላይ በቀና ነበር።

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ይባላል። የሚቀጥለው ምዝገባ ሩቅ አይደለም። ያን ጊዜ በቅርንጫፉ ግቢ ያለችው እኅታችን በዋናው ግቢ ካለነው እኩል ተቀምጣ ትመዝገብ፤ ስሟና ውጤቷም ለማያውቃት ሰው አይታይ። ሁለቱን አንድ ላይ ማግኘት ይቻላል፤ እኛም ሁለቱም እስኪፈጸሙ ድረስ መጠየቃችንን አናቆምም።