ጡረታ ውርስ አይደለም



የባሏ አርባ በወጣ በሳምንቱ አንዲት የገርጂ ጎረቤቴ ወረቀት የታጨቀበት ፌስታል ይዛ ቤቴ መጣች። «ሲስተር፣ እስቲ እነዚህን ይዩልኝ፤ የትኛው እንደሚጠቅም አላወቅሁም» አለችኝ። ባሏ ቦሌ አካባቢ ባለ አንድ የግል ድርጅት ዐሥራ ሁለት ዓመት በሹፌርነት ሠርቷል። ሁለት ልጆች ትቶላታል፤ ትልቋ ዐሥራ ሦስት፣ ትንሹ ሰባት ዓመታቸው ነው። ደብረ ብርሃን ያሉት እናቱም የሚኖሩት እሱ በየወሩ በሚልክላቸው ብር ነበር።

ፌስታሉ ውስጥ የደመወዝ ወረቀቶች፣ የባንክ ደብተርና የሠርግ ፎቶግራፎች አገኘሁ። የጋብቻ ምስክር ወረቀት ግን አልነበረም። በሽማግሌ ተጋብተው፣ «ነገ ወረዳ ሄደን እናስመዘግባለን» ሲሉ ዓመታት አለፉ። በዚህ ላይ የሟች ወንድም «የወራሽነት ማስረጃ እናወጣና ጡረታውን እንካፈላለን» ብሏታል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጡረታ እንደ ቤትና እንደ መኪና በውርስ የሚከፋፈል ንብረት አይደለም። የጡረታ ሕጉ የሚያውቀው «ተተኪ» የሚላቸውን ብቻ ነው። እነሱም የሟች ሚስት ወይም ባል፣ 18 ዓመት ያልሞላቸው ልጆች፣ እንዲሁም ሙሉ በሙሉ ወይም በአብዛኛው በሟቹ ድጋፍ ይኖሩ የነበሩ እናትና አባት ናቸው። የአካል ጉዳት ወይም የአእምሮ ሕመም ላለበት ልጅ የዕድሜው ገደብ ከ18 ከፍ ይላል። ወንድም፣ እህት፣ ራሱን የቻለ ትልቅ ልጅ የወራሽነት ማስረጃ ቢይዙም ተተኪ አይሆኑም።

እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ስለነበርኩ ጡረታ ያለ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ ለመንግሥት ሠራተኛ የጡረታ አዋጅ ከወጣ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ነውና። በግል ድርጅት ለሚሠራው ግን በአዋጅ የጡረታ ዐቅድ የመጣለት በ2003 ዓ.ም. ነው። ሁለቱም ሕጎች በ2014 ዓ.ም. በአዲስ ተተክተዋል፤ ለመንግሥት ሠራተኛ አዋጅ 1267፣ ለግል ድርጅት ሠራተኛ አዋጅ 1268። ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ይጨምራል። በቦሌ ሆቴሎች፣ በየሱቁና በየክሊኒኩ፣ በሲኤምሲና በአያት ግንባታዎች በቋሚነት የሚሠሩ ልጆቻችን የደመወዝ ወረቀታቸውን ይመልከቱ። ይህ መዋጮ ካልታየ ጥያቄው ዛሬ መነሳት አለበት።

አበሉ እንዴት እንደሚከፈል በምሳሌ ላሳያችሁ። ሟቹ ያገኝ የነበረው ወይም ሊያገኝ ይገባው የነበረው የጡረታ አበል በወር 4,000 ብር ነው እንበል። ሚስት 50 በመቶ፣ ማለትም 2,000 ብር ታገኛለች። እያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ፣ ማለትም 800 ብር ያገኛል። በልጃቸው ድጋፍ ይኖሩ የነበሩት እናት 15 በመቶ፣ ማለትም 600 ብር ይደርሳቸዋል። ሲደመር 4,200 ብር ይመጣል። የተተኪዎች አበል በአንድነት ግን ከሟቹ አበል፣ ከ4,000 ብር፣ መብለጥ አይችልም፤ ስለዚህ ከድርሻቸው ይቀነሳል።

ይህ ወርኃዊ አበል የሚገኘው ሟቹ ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሲሆን ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ተተኪዎቹ ዳረጎት የሚባለውን የአንድ ጊዜ ክፍያ ያገኛሉ። ሞቱ በሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት የመጣ ከሆነ ግን የአገልግሎት ዘመኑ ርዝመት አይጠየቅም። ለዚህ ነው ከሕንፃ ላይ ወድቆ ወይም በሥራ መኪና ተገልብጦ የሞተ ሰው ቤተሰብ፣ «ገና ሁለት ዓመቱ ነበር» ብሎ ተስፋ መቁረጥ የሌለበት።

ስለ አያቶች አንድ ነገር ልጨምር። ጎረቤቴ የባሏ እናት መብት እንዳላቸው ስነግራት ደነገጠች፤ «የልጆቼን ሊወስዱብኝ ነው?» አለችኝ። አልፈረድኩባትም። ነገር ግን አሮጊቷን ሲጦር የኖረው ያው ልጃቸው ነው። የላከላቸው ብር በባንክ ስላለፈ ማስረጃው አለ። በእጅ የሚሰጥ ብር ግን ማስረጃ አይተውም። ወላጆቻችሁን የምትጦሩ፣ ብሩን በባንክ ላኩላቸው።

በሥራ ዘመኔ ያየሁትን ደግሞ ልንገራችሁ። ሰው ሆስፒታል ውስጥ ሲያርፍ ቤተሰቡ እያለቀሰ አስከሬኑን ይዞ ይሄዳል፤ ሐኪሙ የፈረመበት የሞት ማስረጃ ጠረጴዛው ላይ ይቀራል። ስንቱን በኮሪደር ተከትዬ «ይህን ሳትይዙ አትሂዱ» ብያለሁ! ያ ወረቀት ነው ወረዳ ሄዶ የሞት ምስክር ወረቀት የሚያወጣው። በኀዘን ቀን ይህን ማስታወስ ያለበት ሟቹ ቤት ያለ ሰው ሳይሆን፣ ልቡ ረጋ ያለ ዘመድ ወይም የዕድር ሰው ነው።

እንግዲህ በሕይወት እያለን የሚሠራው ይህ ነው። በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ በማዘጋጃ፣ በሃይማኖት ወይም በባህል የተፈጸመ ጋብቻ ሁሉ እኩል ነው፤ ማስመዝገቡ ግን አይቀርም። ጋብቻና ሞት በ30 ቀን፣ ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዘገባሉ። የዘገየም ቢሆን ከነጭራሹ ከመቅረት ይሻላል። የአባት ስም በልጆቹ የልደት ወረቀት ላይ፣ በመታወቂያውና በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን እዩ። የጎረቤቴ ትልቋ ልጅ ወረቀት ላይ አባቷ የተጻፈው በቤት ስሙ ነው፤ ያ አንድ ቃል ብዙ አመላልሷታል። ሥራ ስትቀጠሩ የሞላችሁትን የሕይወት ታሪክ ቅጽም አስታውሱ፤ ከዚያ በኋላ ያገባችሁና የወለዳችሁ ከሆነ፣ ማኅደሩ ውስጥ አሁንም ብቸኛ ሰው ናችሁ።

ጎረቤቴ አሁን ሚስትነቷን ለማስረዳት ፍርድ ቤት ትመላለሳለች። ካጋቧት ሽማግሌዎች አንዱ በሕይወት የሉም፤ ሁለተኛው በቅርቡ ምስክርነታቸውን ሰጥተዋል። ወንድምየውም ነገሩ ሲገባው ይቅርታ ጠይቋት፣ አሁን እሱ ነው ፌስታሉን ይዞ አብሯት የሚሄደው። ከዚያ በኋላ ማመልከቻዋን የምታስገባው የግል ድርጅት ሠራተኞችን ጡረታ ወደሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ነው፤ ባሏ የመንግሥት ሠራተኛ ቢሆን ኖሮ ደግሞ የመንግሥት ሠራተኞችን ጡረታ ወደሚያስተዳድረው ትሄድ ነበር።

በዚህ እሑድ ቡና ተፈልቶ ቤተሰብ ሲሰበሰብ፣ ወረቀቶቻችሁን አውጥታችሁ አንድ ጊዜ ቁጠሩ። «ሟርት ነው» የሚል አይጠፋም። እኔ ግን ሠላሳ ምናምን ዓመት የሰው አልጋ አጠገብ ቆሜያለሁ፤ ወረቀት በማዘጋጀቱ የሞተ ሰው አላየሁም።

ቸር እንሰንብት።