አስታማሚው የት ይቁም?

ባለፈው ማክሰኞ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል በር ላይ ሰው አታልያለሁ። በቃል አልዋሸሁም፤ መናገር ሲገባኝ ዝም አልኩ እንጂ። ስለዚያ ዝምታ ልጽፍ ብዬ ብቀመጥ ነገሩ ከእኔ ጥፋት የሰፋ ሆኖ አገኘሁት።

እናቴን ከሦስት ዓመት በፊት ስትሮክ መትቷታል። ቀኝ ጎኗ አይታዘዝላትም። በየሁለት ወሩ የሐኪም ቀጠሮ አላት፤ የምወስዳትም እኔ ነኝ። ተሽከርካሪ ወንበሯን አጣጥፌ ከኋላ ጭኜ፣ እሷን አቅፌ ከፊት አስቀምጬ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከሆስፒታሉ በር ደረስን። ጥበቃው ወደ መስኮቴ ጠጋ ብሎ በትሕትና ነገረኝ።

«የሠራተኛ መኪና ብቻ ነው የሚገባው፣ ጌታዬ። እማማን እዚህ ያውርዷቸውና መኪናውን ማዶ ያቁሙት።»

ማዶ ማለት ከዋናው መንገድ ባሻገር፣ ከአንድ የገበያ ሕንፃ ጀርባ ያለ ሜዳ ነው። መኪና አቁሞ፣ መንገድ ተሻግሮ ለመመለስ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። በሆስፒታሉ አጥር ዳር ማቆም ክልክል ነው።

«እኔ እስክመለስ ማን ይይዛታል?»

«ምን ላድርግ፣ እኔም የታዘዝኩትን ነው።»

ከኋላችን ክላክሱ ቀለጠ። እናቴ «ልጄ፣ ሰውየውን አታስቸግረው፤ ግንቡ ሥር አስቀምጠኝና ሂድ» አለችኝ። 74 ዓመቷ ነው። በዚህ መካከል ጥበቃው መታወቂያ ጠየቀኝና የዩኒቨርሲቲውን ሰጠሁት። ስሜን አንብቦ ሳይጨርስ ፊቱ ተለወጠ።

«ዶክተር ነዎት እንዴ? ምነው አስቀድመው ቢነግሩኝ!»

ሰንሰለቱ ወረደ። የእኔ ዶክትሬት በሥነ ልሳን ነው፤ ራስ ምታት እንኳ አያድንም። ይህን ልነግረው ይገባ ነበር። አልነገርኩትም፤ ማርሽ አስገብቼ ገባሁ።

ከተመላላሽ ሕክምናው ደጃፍ ፊት ለፊት ሰባት የመኪና ማቆሚያዎች አሉ። እያንዳንዱ በነጭ ቀለም ተጽፎበታል፤ ሥራ አስኪያጅ፣ ሜዲካል ዳይሬክተር፣ የፋይናንስ ኃላፊ፣ የግዥ ኃላፊ እያለ ይቀጥላል። ሦስቱ በዚያ ሰዓት ባዶ ነበሩ። ለበሽተኛ የሚል የለም፤ ለአካል ጉዳተኛ የሚልም የለም። የፋይናንስ ኃላፊው ጉልበታቸውን ይመማቸው አይመማቸው የማውቀው ነገር የለም። ሕመም ካለባቸው እግዚአብሔር ይማራቸው፤ ከሌለባቸው ግን ከሰው ሁሉ ለደጃፉ የቀረበውን ቦታ በምን ምክንያት እንደያዙ ሊያስረዱን ይገባል።

ስንወጣ ያየሁት ደግሞ ከራሴ ታሪክ ይበልጥ አሳፈረኝ። አንዲት ሴት ዕድሜው 14 ዓመት የሚሆን፣ እግሮቹ የማይሸከሙት ልጇን በኮንትራት ታክሲ አምጥታ በሩ ላይ ወረደች። ባለታክሲው እንዳይቆም ተከልክሏል፤ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ሴትዮዋ ልጁን ግንቡ ላይ አስደግፋ፣ መታወቂያዋን አስይዛ የሆስፒታሉን ተሽከርካሪ ወንበር ልታመጣ ወደ ውስጥ ሮጠች። ልጁ በሚያልፈው ሰው እግር መካከል ብቻውን ቀረ። መኪናዬን ዳር ላይ አቁሜ (ክልክል መሆኑን አውቃለሁ) እስክትመለስ አጠገቡ ቆየሁ። በእሷ መታወቂያ ላይ «ዶ/ር» የሚል ጽሑፍ አይኖርም። የእኔ እናት እስከ ደጃፉ በመኪና ስትገባ የእሷ ልጅ ግንብ ሥር ቀረ፤ ሁለቱም ግን መራመድ አይችሉም።

አስታማሚ የሚለውን ቃል እስቲ እናስበው። የአገራችን ሆስፒታል ያለ አስታማሚ አንድ ቀን እንኳ ይሠራል? ካርድ የሚያወጣው አስታማሚ ነው። ናሙናውን ላቦራቶሪ የሚያደርሰው፣ ውጤቱን ተሰልፎ የሚቀበለው፣ «ከውጭ ግዙ» የተባለውን መድኃኒት ከፋርማሲ ፋርማሲ ዞሮ የሚያፈላልገው፣ የተኛውን በሽተኛ የሚያጎርሰው፣ ሌሊት የሚያገላብጠው፣ ልብሱን የሚያጥበው ማን ነው? ደመወዝ የማይከፈለው፣ በማንኛውም መዝገብ ያልሰፈረ ሠራተኛ እርሱ ነው። በሩ ላይ ሲደርስ ግን እንደ ወራሪ ይቆጠራል። «የሠራተኛ መኪና ብቻ» የሚለው ትእዛዝ ይህን ሠራተኛ ረስቶታል። ያዘዘውም ሰው አንድ ቀላል ነገር አላሰበም፤ አስታማሚው ብቻውን ከሆነ በሽተኛውንም መሪውንም በአንድ ጊዜ ሊይዝ አይችልም። ወይ እናቱን ጥሎ መኪናውን ያቆማል፣ ወይ መኪናውን ጥሎ እናቱን ያስገባል።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞችና ለአረጋውያን ድጋፍ እንዲያደርግ ያዛል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀሱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚሆን መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጓል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን አጽድቀናል። ኮንቬንሽኑ ተደራሽ ሊሆኑ ይገባል ብሎ በአንቀጽ 9 ከዘረዘራቸው መካከል የሕክምና ተቋማት አሉ፤ በመግቢያው ደግሞ የአካል ጉዳተኛው ቤተሰብም ድጋፍ ሊደረግለት እንደሚገባ ያነሣል። ይህ የፈረንጅ ምክር አይደለም፤ የጸደቀ ውል የአገሪቱ ሕግ አካል መሆኑን ሕገ መንግሥቱ ራሱ በአንቀጽ 9 ተናግሯል። «አቅም በፈቀደ መጠን» በምትለው ሐረግ መሸሸግም አይቻልም። ቀለሙ ተገዝቷል። የግዥ ኃላፊ ተብሎ ተጽፎበታል።

መንግሥት አካል ጉዳተኞች መኪና ከቀረጥ ነጻ እንዲያስገቡ መፍቀዱም ይታወቃል፤ መልካም አድርጓል። መኪናው የጉምሩክን በር ካለፈ በኋላ የሆስፒታሉን በር ማለፍ አለመቻሉ ግን ምን ይባላል?

ይህን ለወዳጆቼ ሳወራ የገጠመኝ መልስ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቦታ የለም የሚለው ነው፤ ለዚህ ሦስቱን ባዶ ማቆሚያዎች ጠቅሼ አልፋለሁ። ሁለተኛው ከበድ ይላል፤ «ስንት ሰው መኪና አለው? ይህ የባለመኪና ብሶት ነው» ይላል። የተቃውሞውን መንፈስ አከብራለሁ፤ ድምዳሜውን ግን አልቀበልም። ከደጃፉ አጠገብ የሚከለል ቦታ ለመኪናው ባለቤት ሳይሆን ለበሽተኛው ነው። ያቺ ሴት መኪና የላትም፤ ታክሲዋ ግን ለአሥር ደቂቃ የሚቆምበት ቦታ ቢኖር ልጇ ግንብ ሥር ባልቀረ ነበር። እንዲያውም በዚህ ክልከላ አብዝቶ የሚጎዳው ድሃው ነው። እኔ ተቸግሬም ቢሆን ማዶ አቁሜ እመለሳለሁ፤ እሷ ግን ባለታክሲው የሚጠብቅበት ቦታ ስለሌለው ለመመለሻ ሌላ ታክሲ ፈልጋ እንደገና መደራደር ይኖርባታል።

በእንግሊዝ አገር እማር በነበረበት ጊዜ በመኪና መስተዋት ሥር የሚቀመጥ ሰማያዊ ካርድ አይ ነበር። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣ ሕግ ነው፤ ካርዱ በመጀመሪያ ብርቱካንማ ነበር፣ በ2000 ሰማያዊ ሆነ። የሚሰጠው ለሰው እንጂ ለመኪና አይደለም። ባለካርዱ የልጁን፣ የጎረቤቱን ወይም የታክሲ መኪና ቢሳፈር ካርዱ አብሮት ይሄዳል፤ እርሱ ሳይኖር የተጠቀመበት ዘመድ ይቀጣል። እዚያም ሁሉ ሰላም ነው ማለቴ አይደለም። የሆስፒታል ማቆሚያ ክፍያ ለዓመታት አከራክሯል፤ ለባለካርዶችና ታመው ከተኙ ልጆቻቸው ጋር ለሚያድሩ ወላጆች ማቆሚያው በነጻ እንዲሆን መንግሥት ያስታወቀው በ2019 መጨረሻ ነው። ቢሆንም አስታማሚ የሚባል ሰው መኖሩን አስበውበታል።

አዲስ አበባ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት የመንገድ ዳሯን ስትለውጥ አይተናል። የእግረኛ መንገድ መስፋቱን ከሚያመሰግኑት አንዱ ነኝ፤ የእናቴ ወንበር ዛሬ የሚሽከረከርባቸው ጎዳናዎች አሉ። ለብስክሌት መስመር ያሰመረች ከተማ በየሆስፒታሉ ደጃፍ ሁለት መስመር ማስመር አያቅታትም። ቦርድም ኮሚቴም ማቋቋም፣ ዐውደ ጥናት ማዘጋጀትም አያሻም። ከተመላላሽ ሕክምናው በር አጠገብ ካሉት ማቆሚያዎች ሁለቱ የኃላፊ ስም ተፍቆ መራመድ ለማይችል በሽተኛ ይሁኑ፤ አንዱ ለማውረጃ ብቻ፣ አንዱ ለመቆያ። በር ላይ ወንበር ይዞ የሚቀበል አንድ ሰው ይመደብ። ጥበቃውም የበሽተኛውን የቀጠሮ ካርድ እንጂ የአሽከርካሪውን ማዕረግ እንዳያይ በጽሑፍ ይታዘዝ። ይህን በፊርማው ማዘዝ የሚችለው የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ መኪና ማክሰኞ ዕለት በስማቸው በተጻፈው ቦታ ላይ፣ ጥላ ሥር ቆማ ነበር።

ቀጣዩ ቀጠሯችን ከሁለት ወር በኋላ ነው። ያው ጥበቃ ተረኛ ከሆነ የምን ዶክተር እንደሆንኩ እነግረዋለሁ ብዬ ለእናቴ ነገርኳት። ቀና ብላ አየችኝና፣ «እሱን ከገባን በኋላ ትነግረዋለህ» አለች።